መንደራችን ሦስተኛ ምርጫ ክልል ገባች

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ቅስቀሳ ተጀመረ። ነጭ ጓንቴን አጥልቄ ከጧቱ ሁለት ሰዓት መኪናው ውስጥ... ሠላሳ ሁለት ዓመት ያው ሥራ። ድምፅ ማጉያ ይዞ "ኢሶጋሚ! ኢሶጋሚ ነው! አደራችሁን!" ማለት። መጀመሪያ ለአያትየው፣ ቀጥሎ ለአባትየው፣ አሁን ለልጁ ለታካቶ። የሁለተኛ ምርጫ ክልል የምክር ቤት ወንበር ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም። ቢሮ ያለው የዳሩማ አሻንጉሊት አንድ ዓይኑ ተቀብቷል፤ ሌላውን ስናሸንፍ ነው የምንቀባለት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
ጉድ ነው! እንደ ልማዳችን የእኔን መንደር አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርናት። ታካቶ በመስኮት ሊወድቅ እስኪደርስ እጁን አውለበለበ። ሽማግሌው ሞሪዋኪ ከማሳቸው ቀና አሉ።
"ፉሚዬ፣ ማንን ነው የምትለምኚው? መንደራችን እኮ ከዘንድሮ ጀምሮ ሦስተኛ ክልል ናት።"
"እኔን አይመርጡኝም ማለት ነው?" አለ ታካቶ፣ እጁ አየር ላይ እንደቀረ።
"ስምህን ብጽፍ ወረቀቴ ይበላሻላ!"
ቆይ... እኔስ? እኔም የምኖረው እዚሁ አይደል?
ቤት ስገባ ባሌን ኢዋኦን ጠየቅኩት። "ደብዳቤ መጥቶ ነበር እኮ" አለ። የት አለ? ዓሣ ጠቅልሎበታል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7
እኔም ልመርጠው እንደማልችል ለታካቶ አልነገርኩትም። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ዕረፍቴ። የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ልገዛ ስወጣ የሦስተኛ ክልል ዕጩ፣ ሂሩካዋ የምትባል ሴት፣ ሱቁ በር ላይ ሳጥን ላይ ቆማ ትናገራለች። የሚሰማት እኔና አንድ ድመት። ስትጨርስ ወርዳ እጅ ነሳችኝ።
"እናቴ፣ ድምፅዎን ይስጡኝ።"
ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ስለምን ኖሬ እኔን የለመነኝ ሰው አለ? ኢሶጋሚዎችማ ኪሳቸው ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስላቸው። ኮራ ብዬ፣ "የቀረብንን አውቶቡስ ምን ታደርጊልናለሽ?" አልኳት።
"አላውቅም። እስቲ ይንገሩኝ።"
ነገርኳት። አንድ ሰዓት! ቶፉው እጄ ላይ ፈራረሰ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16
መረጥኩ። እጄ በልማድ "ኢሶ..." ብሎ ሊጽፍ ሲል ለጥቂት ያዝኩት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17
ታካቶ በዘጠና አንድ ድምፅ ተሸነፈ። መንደራችን ብቻዋን ሦስት መቶ መራጭ ነበራት... ዳሩማው በአንድ ዓይኑ ያፈጥብናል። ታካቶ እያለቀሰ ተራ በተራ እጅ ነሳን። እኔ ጋ ሲደርስ፣ "እትዬ ፉሚዬ፣ የእርስዎ ድምፅ ግን አልተለየኝም" አለ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት።
እራት ላይ ኢዋኦ፣ "በእኛ ክልል ያቺ ሂሩካዋ አሸነፈች አሉ። አንቺ ማንን ጻፍሽ?"
በሠላሳ ሁለት ዓመት ጠይቆኝ አያውቅም። ለምን ይጠይቃል? ያውቀው ነበራ።
"ምን አገባህ! ዓሣህን ብላ" አልኩት።