ከታች የመጣው ጉም

ውዴ አስካለ፣ አስኩዬ፣

ከተለየሽን ዓመት አልፎ ይኸው ሌላ ኅዳር ገባ። እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። ስለ እኛ ልንገርሽ። ደህና ነን የሚለውን ለጎረቤት ትቼዋለሁ፤ ላንቺ ምን ያደርግልሻል? ደህና አይደለንም።

ቤቱ ያው ቤታችን ነው። አከራያችን አጥሩን በአዲስ ቆርቆሮ ቀየሩት፤ ንፋስ በተነሳ ቁጥር ሲንኳኳ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፤ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለብሌን ለማሳየት የፌስታል ቁራጭ ታስሪበት የነበረው። እኔም እዚያው ፋብሪካ ነኝ። ቀን ሙሉ ለሰው ብርድ ልብስ ስሠራ ውዬ ቤቴ ገብቼ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። አንቺ ብትኖሪ፣ ምን ይደረግ፣ ምንጃር ያሳደገው ቆለኛ ነው ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝም የለም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ብሌን ነው። ልጃችን ሰማይ ማየት ትታለች።

መዋለ ሕፃናቱ ተዘግቶ አንቺም ከማስተማሩ እሷም ከመማሩ ቀርታችሁ ቤት የዋላችሁበትን ጊዜ አስቢው። ከተኩሱ የተነሳ ከተማው ጭር ብሎ ነበር፤ ሰው በጊዜ በሩን ይዘጋል። እኔ ነገ ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን እያልኩ ሬዲዮ ላይ ተደፍቼ ስውል፣ አንቺ የማካሮኒ ካርቶን ቀደድሽና ግድግዳው ላይ ሰቀልሽ። ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብ፣ ንፋስ፣ ጉም፣ ውርጭ ሳልሽበት። ብሌን ከእንቅልፏ እንደተነሳች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ በር ከፍታ ሰማዩን ታያለች፤ ከዚያ የልብስ መቆንጠጫዋን በዕለቱ ሥዕል ላይ ትሰካለች። ሳታይ የሰካች ቀን መልሰሽ ታስወጫታለሽ። መጀመሪያ እዪ፣ ከዚያ ተናገሪ፤ ሕግሽ ይህ ነበር። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ ዛሬ ዝናብ ነው እንዴ ብዬ ብጠይቃት፣ ያንቺን ድምፅ አስመስላ «አባዬ፣ ወጥተህ እይ» ትለኝ ነበር።

የድልህ ቆርቆሮውንስ? ዝናብ እንዲጠራቀምበት ግቢው መሀል ታስቀምጡና የትናንቱን ከዛሬው ጋር ለማስተያየት ጎኑን በምስማር ትጭሩታላችሁ። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ቀዝቃዛ የድስት ክዳን ከእንፋሎቱ በላይ ትይዣለሽ፤ ጠብታው ሲወርድ ብሌን ቤታችን ውስጥ ዘነበ ብላ ግቢውን ታናውጠዋለች። ይሄ ደግሞ ምን ትምህርት ነው፣ ፊደሏን አስቆጥሪያት እንጂ ስልሽ፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ሰማይ አይዘጋም አልሽኝ። ፊደሉንም ለካ በጎን እያስቆጠርሻት ነበር።

ፀሐይ የወጣ ቀን ደግሞ ጥላ ትለኩ ነበር። አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላሽን ብሌን በከሰል ዙሪያውን ሳለችው። አንቺ እንዳትንቀሳቀሺ ሳቅሽን አፍነሽ ቆመሻል፤ እሷ አፍንጫሽን አስረዝማ አበላሸችው። ያ ሥዕል ካረፍሽም በኋላ ነበረ። ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ የመጣው ሰው ግድግዳውን ሲደገፍ ጊዜ ጠረገው። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ያየሁት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። ከሰሉ በየሰዉ ጋቢና ነጠላ ላይ ሄደ። በማን እፈርዳለሁ? ሊያስተዛዝኑን ነው የመጡት።

አንቺን ወደ አንኮበር፣ አባትሽ ወደሚቀድሱበት ደብር ስንወስድሽ ብሌን አልመጣችም። ሕፃን ለቀብር አይወሰድም ተብሎ እትዬ በላይነሽ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ ይዘዋት ቀሩ። እናቴ የት ናት እያለች ስታስቸግራቸው ጊዜ ሰማይ ቤት ሄዳለች አሏት። ሌላ ምን ይበሏት? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምላት። አንቺ ደግሞ ቀደም ብለሽ ጉም ማለት ደመና ነው፣ ወርዶ መሬት ላይ የተቀመጠ ደመና ብለሽ አስተምረሻታል። እሷ ሁለቱን አገናኘቻቸው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መቆንጠጫውን ጉም ላይ ትሰካ ጀመር። ፀሐይዋ ጠራርታ ወጥታ፣ ጉም። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው፣ ጉም። ምነው ሳታዪ ትሰኪያለሽ ብላት፣ አይቻለሁ፣ እየጠራሁት ነው አለችኝ። ሚኒባስ ሲቆም ሰው እንደሚወርደው፣ ደመናውም መሬት ላይ ሲቆም እማዬ ትወርዳለች አለችኝ።

እንደማትወርጂ አልነገርኳትም። እውነቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር፤ ለእሷ አዝኜ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት። በዚህ ቤት አንቺን የሚጠብቅ አንድ ሰው መኖሩ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት እኔም ቀድሜያት እየወጣሁ ወደ ሜዳው አይ ነበር።

አርባሽን ብቻዬን ሄጄ አወጣሁ፤ መንገዱ ልጅ ተይዞ የሚኬድበት አልነበረም። ለሙት ዓመትሽ ግን፣ በነሐሴ፣ መንገዱ ከፈት ስላለ ይዣት ሄድኩ። አንኮበር በክረምት ጉም እንደማያጣ ካንቺው ሰምታ ኖሯል፤ አንቺ የሠራሽላትን ቀይ ሹራብ ካልለበስኩ ብላ ድርቅ አለች። እማዬ እንድታውቀኝ ነው አለችኝ። እጅጌው ክርኗ ጋ ደርሷል፤ አለበስኳት። ሚኒባሱ ውስጥ በዚያው እጅጌዋ መስታወቱን እየወለወለች ተጓዘች። አንኮበር መግቢያ ጎረቤላ ከተማ ስንደርስ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሆነ፤ ፊቷ ወደቀ። አይዞሽ፣ ይመጣል አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ጸበል ጻድቅ ሊቀምስ ሲገባ መቃብርሽን አሳየኋት። አየት አድርጋ ተወችው፤ ለእሷ ድንጋይ ነው። እጄን ጎትታ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደችኝና ወደ ሰማይ አንጋጣ ቆመች። ጉሙ መጣ፣ አስኩዬ። አገርሽ ነውና ታውቂዋለሽ፤ ከገደሉ ሥር፣ ከቆላው በኩል ተነስቶ ጥዱን እየዋጠ ሽቅብ መጣ። መጀመሪያ እግራችንን፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ መቃብርሽን ሸፈነው። ብሌን ወደ ላይ ታያለች፤ ከላይ ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነው። ወደ ታች አየች። ደግማ ወደ ላይ፣ ደግማ ወደ ታች። ልክ እንዳስተማርሻት፣ አይታ አይታ ስታበቃ ተናገረች።

«አባዬ፣ ከታች ነው የሚመጣው።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ አዝያት አባብላት ነበር። ዓይኗ ያየውን ነገር አይደለም ልበላት? አባትሽ ተከትለውን መጥተው ኖሯል። ስንቱን ሐዘንተኛ ያጽናኑ ቄስ ለልጅ ልጃቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ስምሽን አልጠራችም። በመጨረሻ በረደኝ፣ እንግባ አለች።

ቤት በተመለስን ማግስት መቆንጠጫው ካርቶኑ ላይ አልነበረም። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አገኘሁት፤ ካልሲዋን ሰቅላበታለች። ወደ ጨዋታው ልመልሳት ያላደረግኩት የለም። አዲስ ቆርቆሮ በምስማር ጫርኩላት፣ ጥላ የምንስልበት ጠመኔ ገዛሁ፣ ባሕር ዛፉ ቢጠፋ ፌስታሉን እንጨት ላይ አሰርኩት። ባንቺ እጅ ጨዋታ የነበረው ሁሉ በእኔ እጅ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ታያለች፣ እሺ ትላለች፣ ትገባለች። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ገብታለች። መምህሯ ጨዋ ልጅ ናት፣ ምንም አትረብሽም ብላ አመሰገነችልኝ። ድሮ እኮ ትረብሽ ነበር።

ትናንት ሲመሽ ውርጭ ሊጥል እንደሆነ ጣቶቼ ነገሩኝ። በየኅዳሩ የምታወጫትን የቆርቆሮ ሳህን ውሃ ሞልቼ ደጅ አኖርኳት። ዛሬ ጠዋት በረዶ ሠርታ አገኘኋት። አንቺ በረዶውን ከሳህኑ አላቀሽ ስትሰጫት፣ እሷ ወደ ፀሐይ አንስታ ግቢውን በውስጡ ታይ ነበር። እጇ በብርድ ይቀላል፣ አትለቅም፤ እሪ እያለች ትይዘዋለች። እኔም እንዳንቺው አላቅቄ ጠራኋትና ዘረጋሁላት። እጇን ሳትሰነዝር አየችው።

«ይቀልጣል እኮ፣ አባዬ» አለችኝና ቦርሳዋን ልታመጣ ገባች።

ልክ ናት። አይታ ነው የተናገረችው።

በረዶውን እንደያዝኩት ቀረሁ። ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ ግድግዳው፣ ያ ጥላሽ የነበረበት ቦታ፣ ተጣሞ ታየኝ። ከዚያ ውሃው በእጅጌዬ ገባ።

ነገ ይሻላል ብዬ አልዋሽሽም፤ አይመስለኝም። ቃል የምገባልሽ በእጄ ያለውን ብቻ ነው። ብርድ እንደምጠላ ታውቂያለሽ። ቢሆንም ውርጩ እስኪያልፍ በየምሽቱ ሳህኗን አወጣለሁ፤ በየጠዋቱ በረዶውን አንስቼ በውስጡ አያለሁ። አንቺን የማስብበት ጸሎቴ ይኸው ነው። ብሌን አንድ ቀን እጇን ከዘረጋች እሰጣታለሁ። ካልዘረጋችም እጄ ላይ ይቀልጣል።

ቆለኛው ባልሽ፣
ከደብረ ብርሃን