ኮቱ

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዛሬ ባሌ ደምሴ ከተራራ ላይ ወደቀ። አልሞተም። ጉልበቱና አገጩ ተልጠዋል፤ የሚወደው ኮትም እስከ ብብቱ ተተርትሯል።

ከጎንደር ተዛውሮ ድሬ ከመጣ መንፈቅ አልሞላውም። ለተራራ ኮት አይለበስም ስለው፣ "እኔ እንደ ድሬ ወንዶች በሽርጥ አልዞርም" አለኝ። ከሰፈራችን ከከዚራ እስከ ተራራው ሥር ባጃጁ ውስጥ፣ ጓደኞቼ ፊት፣ አማርኛዬን ሲያርም ነበር። "ይኼ ምን ቋንቋ ነው? ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ሶማልኛ!"

ጫፉ ጋ ልንደርስ ስንል ቋጥኙን በእጅም በእግርም መቧጠጥ ግድ ነው። ጓደኛዬ አብዲ ቀድሞ ወጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሐርላ ገጠር ሰው ስለሆነ ሲቸኩል ኦሮምኛው ይቀድመዋል። እጁን ወደ ደምሴ ዘርግቶ "ኮቱ! ኮቱ!" አለው። ና ማለቱ ነው። ደምሴ ግን ኮቱን አምጣ ያለው መሰለው።

አንድ እጁን ከድንጋዩ ለቅቆ ቁልፎቹን ሲፈታ ከጎኑ ነበርኩ። ምን እንደሰማ ወዲያው ገባኝ። "ና ነው የሚልህ" ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ። አንዱን እጅጌ አወለቀ። ሌላውን ለማውለቅ ሁለተኛውን እጁን ለቀቀ።

ተንከባሎ ሲወርድ የእሾህ ቁጥቋጦ ነው ይዞ ያስቀረው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ቤት ገብተን ቁስሉን በአልኮል ስጠርግለት፣ "ለመሆኑ ያ ሰውዬ ምን ነበር ያለኝ?" አለ።

ጥጡን ጫን አድርጌ፣ "ኮትህን ነዋ የጠየቀህ" አልኩት። "አማርኛ ነው እኮ።"

በሚመጣው እሑድ ጫፉን ሳልረግጥ አልቀርም ብሏል። ኮቱን እየሰፋሁለት ነው።