ያላሰርሁት የክረምት ጎማ

መተማ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ በራሴ አፈርሁ። ከአንድ ነጋዴ ተወርሳ ለመሥሪያ ቤታችን የተሰጠችውን ባለሁለት በር ቀይ መኪና የምነዳት እኔ ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ መካኒኩ ጋሽ ደምሴ፣ «ይህችን መኪና የሚገፋት የኋላ እግሯ ብቻ ነው። ዋልካው ጥቁር አፈር ጭቃ ሲሆን አይለቃትም፤ ጥርሳሙን ጎማ እሰርላት» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ጥርሳሙ ይጮሃል፣ መልኳንም ያበላሻል ብዬ ለክረምትም ለበጋም ይሆናል የተባለውን ልሙጡን አሰርሁ። እውነቱን ልጻፈውና፣ ጎንደር አስፋልት ላይ ስነዳት መታየት አምሮኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለት የጎጃም ሰሊጥ አራሚዎች ወባ የጣለውን ጓደኛቸውን ደግፈው መጡ። ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ላደርሳቸው ሦስቱንም ጫንሁ። መንገዱን ሳናጋምስ የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን እየተሽከረከሩ ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። ሁለቱ እስከ ጉልበታቸው እየተዋጡ ገፉ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ጋቢያቸውን በዱሎቻቸው ላይ አስረው ቃሬዛ ሠሩና ጓደኛቸውን ተሸከሙት።

ሊሄዱ ሲሉ ትልቁ ዞር ብሎ፣ «ጌታዬ፣ በእኛ የተነሳ መኪናዎ ጭቃ ገባችብዎ፤ ይቅር ይበሉን» አለኝ።

ጥርሳሙ ጎማ መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ አልነገርሁትም። በሽተኛው ደርሶ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። የማውቀው ለዚያ ሰው የመለስሁለትን ነው።

«ግድ የለም፤ ይቅር ብያችኋለሁ» አልሁት።