ጨመረ ያልሽው ተቀማጭ

ለልጄ ልጅ፣ ለባንኳ ሹም፣

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽ፣ ወገብሽ፣ ቀኑን ሙሉ የምትጎለቺበት ወንበር ሳይቀር ደህና ናቸው? ያ ፀጉሩን ድመት የላሰችው የሚመስለው እጮኛሽስ? እኔ ለክፉ አልሰጥም። ሳሉ እንደ ክፉ ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ ሲያሰኘው ይወጣል እንጂ ቀልዴን ገና አልነካብኝም።

በስልክ ብነግርሽ የቀለድኩ ስለሚመስልሽ ነው የምጽፍልሽ። ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረ ሰው እውነት ሲናገር ማን ይሰማዋል?

የክር ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ደውለሽ፣ አባባ፣ የእናንተ አካባቢ ተቀማጭ ወረደ ብለሽ አለቀስሽብኝ። ሰው ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ እንደ ልብ ትርታ እያዳመጣችሁ አገር ይኑር ይሙት የምትለዩት እናንተ ዋና መሥሪያ ቤት ያላችሁት መሆናችሁን ያኔ አስረዳሽኝ። አባትሽም በሰው አገር ሆኖ ያንቺን ቁጥር ይጠብቃል፣ ካንሰራራ ታክሲውን ሸጦ መጥቶ እዚህ ሱቅ ይከፍታል አልሽኝ።

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩ። የአባቱን ልመና መቼ ሰምቶ ያውቃል ይሄ ልጅ! ቁጥር ከሆነ የሚሰማው፣ ቁጥር እንስጠዋ አልኩ።

ጓደኛዬን አናጺውንና ጡረተኛዋን አዋላጅ ጠርቼ አማከርኳቸው። አዋላጇ ሳቀችብኝ፤ አንተ ሽማግሌ፣ ትርታ ስለጨመሩለት በሽተኛ ይድናል እንዴ? አለችኝ። አንቺስ ዕድሜሽን ሙሉ ግፊ፣ ግፊ ስትዪ ኖረሽ ዛሬ መግፋት ፈራሽ? አልኳት። የእሷም ልጆች ስደት ናቸው።

አናጺው የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽኑን ሸጠ። አዋላጇ የጓሮ መሬቷን። እኔ የልብስ ስፌት ማሽኖቼን፣ አባትሽ ሥሯ እየተኛ ያደገባትን ጭምር። ወሬው ሲሰማ ሠፈሩ ተከተለን፤ ልጁ ያልናፈቀው ማን አለ? ገዢዎቹ ከሌላ ከተማ መጥተው በጭነት መኪና ጫኑ፤ እኛ ገንዘባችንን ይዘን ባንኩ ደጃፍ ተሰለፍን። ሥራ አስኪያጁ የሚሆነውን አጥቶ ለሁላችንም የግድግዳ ካላንደር አደለን። የልጆቻችንን መምጫ እንድንቆጥርበት መሆኑ ነው።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። ድምፅሽ እንደ ጥጃ ይዘላል። አባባ፣ ጨመረ! ኢኮኖሚው ነቃ ማለት እኮ ነው! አልሽኝ። በሳቅ ልሞት ደረስኩ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አልኩ በልቤ።

አሁን ግን ሳቁ አለቀ። ባለፈው ሳምንት አባትሽ ደወለ። ለታክሲው ገዢ አግኝቷል፤ ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ሊመጣ ነው። ሱቁን የሚከፍትበትን ቦታ ሳይቀር መርጧል፣ ከአናጺው አጠገብ።

ወጥቼ ቦታውን አየሁት። አናጺው ባዶ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማሽኑ ወለሉ ላይ የተወውን የዘይት እድፍ ያያል። ሥራ መጥቶልኝ ነበር አለኝ፤ የሬሳ ሣጥን። በምኔ ልሥራው? ሰዎቹ ከሌላ ከተማ ገዝተው አመጡ። ልቀልድበት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። ያነቃነው ኢኮኖሚ ይኸውልሽ። መሣሪያችንን ሸጠን ትርታ ገዛን። መንገዱ ላይ ወጣት ፈልጌ አጣሁ። ከልጄ ሱቅ ማን ሊገዛ ነው? እኔና አናጺው ተራ እየገባን?

የኔ እመቤት፣ አይምጣ በዪው። ታክሲውን ሳያስረክብ ቶሎ ድረሺበት። ከኔ ከሰማ ይስቃል፤ ያንቺን ቁጥር ግን ያምናል። ተቀማጩ ወርዷል በዪው። ውሸትም አይሆንብሽም፤ አዋላጇ ገንዘቧን አውጥታ ወደ ልጆቿ ልትሄድ ጓዟን እየሸከፈች ነው።

ክፍሉን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬለት ነበር። ግዴለም፣ እኔው እተኛበታለሁ፤ በመስኮቱ መንገዱ ይታያል። የጤና ጣቢያው ሐኪምም ተኛ እንጂ አትንቀሳቀስ ብሎኛል። ደረቴን አዳምጦ አዳምጦ፣ አንቺ ቁጥሩ ሲወርድ ስልኩ ላይ ዝም እንደምትዪው ዝም አለ።

ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። የጀመርሽው ይመርልሽ። ለእጮኛሽም ማበጠሪያ ይስጥልኝ። ለአባትሽ፣ በሄደበት ሁሉ መንገዱ ይቅናው፣ ተሳፋሪ አይጣ በዪልኝ። ስለ ጤናዬ ከጠየቀሽ ግን፣ ጨምሯል በዪው።

አስቸጋሪው አያትሽ