ስለ ተከፈተው ክዳንና ስለ ጠፋው ዘንዶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጋሽ በርናባስ
የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ
ቶሮንቶ

ግልባጭ፦ በቴሌግራም ግሩፓችን ላላችሁ ቅዱሳን ሁሉ

ጉዳዩ፦ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ስላደረጋችሁልኝ ጸሎትና ከዚያ ወዲህ ስላጣሁት እንቅልፍ

የተከበሩ ጋሽ በርናባስ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ተሻለዎት? የባለቤትዎ የእትዬ አሰፋሽ የደም ግፊትስ ወረደላቸው? በዚህ በረዶ እግርዎ አዳልጦዎት እንዳይወድቁ ዘወትር አስባለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ያለዎት ጥቅም ተነግሮ አያልቅምና። እኔም ከአሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ከሴንት ጄምስ ታውን ቤቴ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እግሮቼ ወለሉን እንዳይነኩ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ተቀምጬ ነው። በተረፈ ደኅና ነኝ።

ለማታውቁኝ ቅዱሳን፣ ዋለልኝ እባላለሁ። ሬክስዴል ባለ መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ የረቡዕ የቤት ኅብረትም ስድስት ዓመት ሙሉ የተሰበሰበው በእኔ ሳሎን ነው። ባለቤቴ የሻሽወርቅ ካረፈች ሦስት ዓመት ሞላት። ያለችኝ አንዲት ልጅ ሆሣዕና ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ገብታ የእንስሳት ሕክምና ረዳትነት ትማራለች። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ ልጄ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በሦስት ቃል ነበር፤ ሃይ፣ ኦኬይ፣ ባይ። በቃ።

ታዲያ ባለፈው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይህቺው ልጅ ከክፍሏ ወጥታ፣ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። የምታወራው ስለ ዘንዶ ነበር። ቦል ፓይተን የሚባል ትንሽ ዘንዶ እንዳለ፣ መርዝ እንደሌለው፣ ሲፈራ ተጠቅልሎ ራሱን እንደሚደብቅ፣ ልታሳድገው እንደምትፈልግ። እኔ እባብ በቴሌቪዥን ሲመጣ ቻናል የምቀይር ሰው ነኝ። ግን ጋሽ በርናባስ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ዕለት ልጄ ስለ አዞ ብታወራኝም እሺ እላት ነበር። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ሱቁ ድረስ ነዳኋት። ሻጩ ወጣት ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ሲያመጣው ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። ሆሣዕና በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ኮቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ እኔም ላብ በላብ ሆኜ መሪውን ጨብጬ፣ መስኮት ልከፍት ስል ብርድ ይመታዋል ተብዬ፣ እንደ ምንም ቤት ደረስን። ስሙን ቶሚ አለችው። የእሷ ክፍል መስኮቱ ንፋስ ስለሚያስገባ የመስታወት ሳጥኑ ሳሎን፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጠ፤ ክዳኑ በሁለት ክሊፕ ይቆለፋል፣ እኔም ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሁለቱን ክሊፖች ከሩቅ አይቼ አረጋግጥ ነበር። አይጥ በረዶ ሆኖ ይሸጣል ኖሯል፤ ፍሪዘራችን ውስጥ ከበግ ሥጋው ጎን ገባ፣ እኔም እንዳልሳሳት ብዬ ላዩ ላይ በትልቁ ጻፍኩበት።

አዲስ ቤት የገባ ዘንዶ እስኪለምድ አይበላም አሉ። ቶሚ ሦስት ሳምንት አልበላም አለ። በዚያው ሰሞን እርስዎ የሦስት ቀን ጾም አውጀው ነበር፤ እኔ በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሳንድዊች ሳነሳ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ አፈርኩ። በአራተኛው ቅዳሜ ግን ሆሣዕና በመቆንጠጫ አይጡን ስታቀርብለት፣ እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ የእጅ ባትሪ ሳበራላት፣ ላፍ አደረገው። ልጄ ያን ጊዜ ዘልላ አቀፈችኝ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ አቅፋኝ አታውቅም። እኔም ባትሪውን እንደያዝኩ አቀፍኳት፣ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ባትሪ ያዥ ሆንኩ።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ምስጢር አጠባበቃችሁን አመሰግናለሁ። አንድ ረቡዕ ቶሚን ክፍሏ አስገብተን ኅብረቱ ሲሰበሰብ፣ ከፍርሃት ጌታ እንዲያወጣኝ፣ ነገሩም በመካከላችን ብቻ እንዲቀር ብዬ የጸሎት ርዕስ አቀረብኩ። እስከ አርብ ድረስ ወሬው ካልጋሪ ገብቶ፣ የማላውቃቸው እናት ደውለው ዘንዶው ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቁኝ። ኅብረቱም ስድስት ዓመት ከተቀመጠበት ሳሎን ሳልጠየቅ በአንድ መልእክት ተነሣ። ጊዜዬን ስላተረፋችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሳይሆን በፊተኛው ቅዳሜ፣ ሆሣዕና ክሊኒክ ልምምድ ላይ ሳለች፣ እርስዎ ራስዎ ስድስት ሰው ሆናችሁ መጥታችሁ ስለጸለያችሁልኝ ነው። የመጣችሁበት ሌላም ጉዳይ ነበር፤ የኅብረቱን ስፒከር ለመውሰድ። እሱ ከሳጥኑና ከማሞቂያው መካከል ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። እርስዎም በመስታወት ላይ የሚቀባ ዘይት አይሠራም ብለው፣ እኔ ኧረ ጋሽ በርናባስ ኧረ ይቅርብዎ እያልኩ፣ ሁለቱንም ክሊፖች ፈትተው ክዳኑን ገፋ አድርገው ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረጉበት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ዓይናችንን እንጨፍን አሉ።

ሁላችንም ጨፈንን። እኔም ጨፈንኩ፤ ይህ ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። ግን ዕድሜ ልኩን ዓይናችንን እንጨፍን ሲባል የጨፈነ ሰው፣ ክዳን ተከፍቷል ብሎ በምን አንጀቱ አንድ ዓይኑን ይገልጣል? ሰባት ትልልቅ ሰዎች ክዳኑ የተከፈተ የዘንዶ ሳጥን ከብበን፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዓይናችንን ጨፍነን ቆምን። እርስዎ ድምፅዎን ከፍ ባደረጉ ቁጥር እኔ እግሮቼን እሰበስብ ነበር፤ አንድ ጊዜ እግሬ አጠገብ የሆነ ነገር ሲያልፍ የሰማሁ መስሎኝ፣ የወንድም ስንታየሁ ካልሲ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አሜን ብለን ስንገልጥ ሳጥኑ ባዶ ነው።

የእናንተን ደስታ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ተቃቀፋችሁ፣ እልል አላችሁ። እኔ ሶፋው ላይ ዘልዬ ወጥቼ ክዳኑን በጣቴ ሳሳይ፣ ጥርጣሬ ኃጢአት ነው ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፤ ትከሻዬ ሩቅ ነበርና። ወንድም ስንታየሁ ስፒከሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ እየዘመራችሁ በአሳንሰር ወረዳችሁ። እኔ ሶፋው ላይ ቆሜ ልጄን ጠበቅኩ። መጥታ ስነግራት አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችኝም፤ አብረን ፈለግን፣ አላገኘነውም።

ሦስተኛ፣ በማግሥቱ እሑድ ስለሰጡት ምስክርነት ነው። ቤት ቀርቼ ስፈልግ ነበርና ያየሁት በቪዲዮ ነው። ወንድማችን ዋለልኝ በእምነት ተነሥቶ ዘንዶውን ከቤቱ አወጣው ብለው ተናገሩ፤ ምእመኑ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ባልሠራሁት ሥራ ይህን ያህል ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ቪዲዮውን ሆሣዕናም አየችው፤ ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ያን ዕለት ውጭ ስንት ዲግሪ ነበር? ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሃይም የለ፣ ባይም የለ። ከእናንተ ጋር ተማክሬ ቶሚን በረዶ ላይ የጣልኩት ይመስላታል። ብምል አትሰማኝም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በማይክ ከተናገረው የእኔን ቃል ማን ይሰማል? በወሩ መጨረሻ ሪጀንት ፓርክ ጓደኛዋ ፊርደውስ ጋ ልትገባ ነው፤ ዕቃዋ በካርቶን ታሽጎ በሩ ሥር ተደርድሯል።

አራተኛ፣ ኑሮዬን ስላነቃቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጫማ ሳላራግፍ አላደርግም። ብርድ ልብስ ስገልጥ በመጥረጊያ እንጨት ነው። ሽንት ቤት በባትሪ ሳልመረምር አልቀመጥም፣ ተቀምጬም አልቆይም። ሦስት ቀን ምድር ቤት መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ፤ ጠባቂው ከሚስቱ ተጣልቶ ነው ብሎ አዘነልኝ። ወለል ላይ ዱቄት ቢበተን ዱካው ይታያል የሚል አነበብኩና፣ ቤት ውስጥ ሌላ ዱቄት ስላልነበረ እህቴ ከአገር ቤት የላከችልኝን ሽሮ እንዳለ በተንኩት። ኮሪደሩ ሁሉ ሽሮ ሽሮ ሸቶ ጎረቤቶቼ ምን እየሠራህ ነው ይሉኛል። እስከ ዛሬ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ሽሮው ላይ ያለው ዱካ የእኔና የሆሣዕና የእግር ጣቶች ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ መሬት የማይረግጥ ከሆነ ያለው ከላይ ነዋ! ይህን እየጻፍኩ ራሱ ኮርኒሱን ቀና ብዬ አያለሁ።

አምስተኛዋ ትንሽ ናት፣ ግን ከነካችሁኝ አይቀር ልናገራት። የድምፅ ክፍሏ እህት ፋናዬ ባለፈው እሑድ ግሩፑ ላይ፣ ስፒከሩ ከእኔ ቤት ከመጣ ወዲህ ድምፁ እንደታፈነ፣ ሲነሣም ውስጡ አንድ ከባድ ነገር እንደሚንሸራተት ጽፋ፣ ባለሙያ የሚያውቅ ካለ ጠይቃ ነበር። እርስዎም ከሥሩ በዋለልኝ ቤት የነበረው መንፈስ ስፒከሩን ነክቶታልና እንጸልይበት ብለው መለሱ። ጋሽ በርናባስ፣ እኔ ስፒከሩን በክብር ነው የያዝኩት። በየሳምንቱ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት አንድም ቀን ታፍኖ አያውቅም።

ዘንዶ እፈራለሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው፣ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ይመሰክራል። ግን በሩ ሥር ያሉትን ካርቶኖች የምፈራውን ያህል ምንም ነገር አልፈራም። ልጄ በዚያ በር ከወጣች ይህ ቤት ከእኔና ከሽሮው በቀር ማንም የለውም። የምለምንዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ በዚያው ማይክ፣ ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ዋለልኝ አልጣለውም ብለው ይናገሩልኝ። ካሳ አልጠይቅም፣ ሽሮዬንም ይቅር ብያለሁ።

ለትጋትዎ፣ ለእምነትዎ፣ ከሁሉም በላይ ለእጅዎ ፍጥነት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር እመኝልዎታለሁ።

ምስክርነት የተሰጠለት፣ ምስክር ግን ያጣው ታናሽ ወንድምዎ
ዋለልኝ
ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ትናንት ጽፌ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበር። ዛሬ እሑድ ጠዋት ስነሣ ሆሣዕና ቆማ በጣቷ ፊደል እየቆጠረች ስታነበው አገኘኋት፤ አማርኛ ስታነብ ቀስ ትላለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ስፒከሩ በጀርባው ቀዳዳ እንዳለው ጠየቀችኝ። የእኔ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው አልኳት። ቶሚ ሙቀትና ጨለማ ይወዳል አለች፣ ደግሞም ሳይበላ ወር መቆየት ይችላል አለች፣ ከዚያ ጋሽ በርናባስ፣ ልጄ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንገቴ ሥር ገብታም ይቅርታ አባዬ አለችኝ። አሁን ኮቷን ለብሳ፣ የትራስ ልብስ ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች፤ በሩን የዘጉትን ካርቶኖችም ራሷ ገፍታ ወደ ክፍሏ መለሰቻቸው። ስፒከሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሽማግሌዎች ወንበር ሥር፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከእርስዎ እግር ብዙም ሳይርቅ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ማይኩም እዚያው ነው፤ ለምስክርነቱ እርማት ይመችዎታል። በዚህ ሰዓት የጠዋት ጸሎት ላይ ናችሁ። እኛ እስክንደርስ ድረስ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ጸልዩ።