«ደህና ነን» በማለታችን ደህና ለተባልን ሰዎች

ለተከበሩ የመሬት መንቀጥቀጥ የሕዝብ ግንዛቤ ጥናት አስተባባሪ፣

ጤናዎ እንደ አዲሱ የቢሮዎ ሕንፃ የጸና እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ የራሴን ጤና ግን ለጊዜው ሳልገልጽ እንዳልፍ ይፍቀዱልኝ፤ «ደህና ነኝ» ብዬ ብጽፍ እንደ መረጃ እንዳይያዝብኝ ሰግቻለሁና።

አንደኛ፦ ባለፈው ጥር መሬቱ ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ በኋላ፣ ስጋታችንን የሚለካ ባለሙያ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብላ እስካለችው ቀበሌያችን ድረስ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ባለሙያው ጎረቤቴን እማማ ጌታነሽን ያገኛቸው የበጎቻቸው በረት ተደርምሶ ድንጋዩን ሲለቅሙ ነበር። እንዴት እንደሆኑ ቢጠይቃቸው፣ ደጃቸው የመጣን እንግዳ በክፉ ወሬ መቀበል የማይሆንላቸው እማማ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። ቅጹ ላይ «ጉዳት፦ የለም» ተብሎ ተሞላ። ስለ ነገው ሲጠየቁ «እሱ ያውቃል» አሉ፤ «ስጋት፦ ዝቅተኛ» ተባለ። የሰላምታ አጸፋችንን በመቶኛ አስልቶ ሪፖርት ያደረገ መሥሪያ ቤት ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

ሁለተኛ፦ በዚሁ ሪፖርት መሠረት ቀበሌያችን «ሕዝቡ የማይሰጋባት» ተብላ፣ ትምህርት ቤታችን በመሐንዲስ ከሚፈተሹት ዝርዝር ወጥቷል። ክቡርነትዎ፣ የሁለተኛ ክፍል የድንጋይ ግድግዳ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቆ እጄ እስከ አንጓው ይገባበታል። ልጄ እስከዳር በየቀኑ የምትቀመጠው ከሥሩ ነው። እኔ እፈራለሁ። ጠዋት ሸኝቻት ስመለስ እፈራለሁ፣ እርሻ ላይ በሬዎቹ ድንገት ቀጥ ባሉ ቁጥር እፈራለሁ። ለዚህ ቃል ቅጽዎ ላይ ቦታ ካለ እባክዎ ያስሞሉልኝ።

ሦስተኛ፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር እንድንገባ የሚመክረው ባለቀለም ፖስተር ደርሶናል። ልጆቹ የሚማሩት የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ስለሆነ፣ ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል ከሥዕሉ ተረድተዋል። መምህሩም ፖስተሩን ስንጥቁ ላይ ለጥፈውታል፤ ነፋሱን በመጠኑ ስለከለከለልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለማይሰጋው ሕዝብ ሲሉ እንቅልፍ እንዳያጡ አደራ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

መርስዔ ኃዘን ተክለጻድቅ
ገበሬና የእስከዳር አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥናቱን ውጤት ሊያበስሩን ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጡ ሰምተን ተደስተናል። ስብሰባው በሁለተኛ ክፍል ይሆናል። ለክቡርነትዎ የያዝንልዎት የእስከዳርን ቦታ ነው፤ እሷን ግን ያን ቀን ከቤት አላስወጣትም።