ሃምሳ ስምንተኛው ካርድ

ጋሼ፣ "የጠፋ ሙዚቃ አይቆጠርም" ብሎ ካርድዎን የቀደደው ማን ነበር?
እኔ! ነገረኛዋ የእህትዎ ልጅ!

ቤተ መጻሕፍቱ አሁን ደወለልኝ። ሥራዎቹን በካርድ የምንዘረዝርለት የሙዚቃ ደራሲ ለእህቱ በደብዳቤ ብቻ የጠቀሰላት የኦርጋን ሙዚቃ ተገኘ! የዚያን ዘመን መጽሐፍ ጠራዥ ስምንት ገጹን የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ማጠንከሪያ አድርጎ ለጥፎት ኖሯል። ከደስታዬ ብዛት ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አድርጌ ነበር። ላየው በአራት ሰዓቱ ባቡር ሄጃለሁ።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ ያሙቁት።
መስኮቱን ይዝጉ፣ ካርዶቹ ይበተናሉ።
ሃምሳ ስምንተኛውን ቀድጄ ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር ሁሉ በእስክሪብቶ ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አስተካክላለሁ። እንዳይነኩብኝ!

ደራሲው ጀምሮ የተወውን ዋልትዝ፣ ያንን የዳንስ ሙዚቃ ግን አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። እዚያ ላይ አልሸነፍም።

"የጠፋ ልጅ ከቤተሰብ ቁጥር ይወጣል እንዴ?" ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሙዚቃ ማኅበራችን አባላት ፊት "ዕድሜ ሲገፋ ቆጠራም ይጠፋል" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እርስዎ ኮፍያዎን አንሥተው ወጡ።

ቅዳሜ ከማኅበሩ ስብሰባ እንዳይቀሩ። ያኔ የሳቁት ሁሉ ባሉበት ይነሡና ለዚያ ንግግሬ የሚገባኝን መልስ ይስጡኝ፤ ጮክ ብለው፣ ስሜን ጠርተው!